ደራ ያስቀመጥካቸው ፊቶች

ተስፍሽ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ባልሆንም ላንተ አልነግርህም፣ እዚያም ሆነህ መጨነቅህ አይቀርምና።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮዋ ፓፓያ ዘንድሮ ጉድ አፈራች፤ ግማሹን ጎረቤት በላው። ፎቶ ቤቱን ትዘጋዋለች ያሉኝንም ሁሉ አሳፍሬአቸዋለሁ። ያስተማርከኝን ያህል አነሳለሁ፣ አጥባለሁ። ወንዶቹ ሴት ልታነሳን ነው ብለው ሲሽኮረመሙ ብታይ እንዴት ትስቅ ነበር!

የምጽፍልህ ግን ስለ ጎርፉ ነው። ነሐሴ ላይ ከተራራው የወረደው ውሃ ፎቶ ቤቱን ሰብሮ ገባና ኔጌቲቮቹን ከነመደርደሪያቸው ጭቃ አስታቀፋቸው። ፀሐይ ላይ ባሰጣቸው ተጣበቁ፣ ብላቅቃቸው ተላጡ፣ ፊት የሚባል አልቀረም። ያን ያህል ዘመን የለፋህበት ሲታጠብ ቆሜ አየሁ። አንጀቴ አረረ፣ ተስፍሽ።

ጭቃውን እየዛቅሁ ሳለ እትዬ የሺ መጡ። ታውቃቸዋለህ፣ ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት እያመጡ የሚቸረችሩት። አንድ ልጃቸውን ወንድወሰንን ለውትድርና አፍሰው የወሰዱባቸው አንተ በሕይወት ሳለህ ነው። የማታውቀውን ልንገርህ። የአፈሳው ወሬ ሲሰማ እትዬ የሺ የልጁን ፎቶ አንድ ሳያስቀሩ አቃጥለው ነበር። ቤት ፈትሸው ፎቶውን ካላገኙ መልኩን በምን ያውቁታል ብለው። ምን ያደርጋል፣ መልኩን ሳይጠይቁት ከመንገድ ላይ ለቅመው ወሰዱት።

አሁን መርዶው መጣ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። ልብሱን ዘርግተው፣ ፎቶውን መሃል አቁመው እንዳያለቅሱለት ፎቶ የለም። አንቺ ጋ አይጠፋም ብዬ ነው አሉኝ፣ በሩ ላይ ቆመው ጭቃውን እያዩ። ቀጥለው ያሉኝ ነው የገደለኝ፤ መልኩ እየጠፋብኝ ነው፣ ዓይኔን ስጨፍን አልመጣ አለኝ አሉ።

ያኔ ነው የደራው ሣጥን ትዝ ያለኝ። የአብዮት ጥበቃዎች የአንድ ሌላ ሰው ፎቶ ቤት ኔጌቲቭ በጆንያ ጭነው ከወሰዱ ወዲህ ሰውን ሁሉ ሁለቴ ነበር የምታነሳው። ዓይንህን ጨፈንክ፣ አንዴ ልድገምህ ትላለህ። ማንም አልጨፈነም! አንዱን እዚህ ታስቀርና ሌላውን ሸሽገህ ደራ ለሚኖሩት ለአባትህ ወዳጅ ለኦቦ ገመቹ ታደርሳለህ። ፊልም በተወደደበት ዘመን ምን ሆነሃል እያልኩ ስነዘንዝህ፣ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ብለህ ትስቅብኝ ነበር።

በማግስቱ ቁልፉን ይዤ ደራ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ገና አካም ጅርታ ብለው ሰላም ሳይሉኝ አለቀሱልህ። ሣጥኑን ከአልጋቸው ሥር አወጡት። ምስጥ እንዳይደርስበት ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ዙሪያውን አመድ ነስንሰውበታል። ምን እንዳለበት ጠይቀውት አያውቁም ወይ ብላቸው፣ አደራ ይጠበቃል እንጂ ይጠየቃል እንዴ ብለው ተቆጡኝ።

ከፈትኩት። ፖስታ በፖስታ ላይ፣ በዚያ በተወላገደ ጽሕፈትህ ስም የተጻፈበት። ወንድወሰን ብዬ ፈለግሁ፣ የለም። ደግሜ ከሥር እስከ ላይ አገላበጥኩ፣ የለም። እትዬ የሺን ምን ብዬ ላያቸው ነው አልኩ። ከዚያ ልብ ብዬ ሳይ ሁሉም የሴት ስም ነው። አሰለፈች። ፋጡማ። ጫልቱ። አፈር ስሆን አትቀየመኝ፣ ይህ ሰው እኔን ፎቶ ቤት አስቀምጦ ምን ሲሠራ ኖሯል ብዬ ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ! የፋጡማን ከፍቼ ወደ ብርሃን ባነሳው ከድር ነው፣ ልጇ። የጫልቱም ልጇ ነው። በእናቶቻቸው ስም ነው ያስቀመጥካቸው። ልጁን የሚያሳድድ ካድሬ በልጁ ስም ይፈልጋል፤ ልጁን የምትፈልግ እናት ግን በራሷ ስም ትመጣለች። ወይ አንተ! ይህን ሁሉ ብቻህን ስታስብ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም።

የሺ የሚለውን አገኘሁት።

የወንድወሰንን ፎቶ አሳድጌ አጠብኩት። እትዬ የሺ ሲያዩት ወዲያው አላለቀሱም። በጣታቸው ጠርዙን እየነኩ፣ ይኸው ጆሮው፣ ጆሮው እንዲህ ቆም ያለ ነበር አሉ። ከዚያ አለቀሱ፣ ድንኳኑም አብሮ አለቀሰ። ሲመሽ እጄን ስመው አንተን መረቁ፤ ምርቃቱን አደርሳለሁ ብያቸው ነው፣ ተቀበል።

ኔጌቲቩን ልመልስ ደራ ተመልሼ ስሄድ ሣጥኑን ረጋ ብዬ አየሁት። ከታች አንድ ፖስታ ላይ አልማዝ ይላል። ሌላ አልማዝ ትሆናለች አልኩ፣ እኔ ልጅ የለኝማ። ከፈትኩት። አንተ ነህ።

መቼ ተነሳኸው? ተነሳ እያልኩ ስለምንህ የኔን ፊት ማን ይፈልገዋል ትል አልነበር? በልቅሶህ ላይ ያቆምነው ማኅተም አገጭህን የሸፈነውን የመታወቂያህን ጉርድ ፎቶ ነበር። እዚህኛው ላይ ሙሉ ቁመናህ አለ። ካሜራውን በራሱ እንዲያነሳ አድርገህ፣ ባልና ሚስት ሲነሱ ባል እንደሚቆመው እጅህን ወንበር ላይ አድርገህ ቆመሃል። ወንበሩ ባዶ ነው። ክራባትህ ተጣሟል፣ የሚያስተካክልልህ ስላልነበረ።

ወድሃለሁ፣ ተስፍሽ። በቁምህ ብዙ አላልኩህም፣ አሁን እለዋለሁ። ዓይኔ እስካየ ድረስ የሰዉን ፊት ሁለቴ አነሳለሁ፣ አንዱን ደራ አደርሳለሁ፤ በደረስኩ ቁጥርም ያንተን ወደ ብርሃን አንስቼ ሳላይህ አልመለስም። እስክመጣ ያንን ወንበር አደራ፤ ማንንም አታስቀምጥበት።

ያንተው አልማዝ