ሦስት ካፕሱል ባንድ ጉርሻ

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

እግሩ ዱባ አክሎ መጣ። ወንድሜ ደሳለኝ በማጭድ ከተቆረጠ አምስት ቀኑ ነው፤ «ጭረት ናት» እያለ ማሽላ ሲቆርጥ ከርሟል። የሥራ ጓደኛው መላኩ ደግሞ ሐኪም ሆኖለት፣ ከካቻምና የተረፈ ካፕሱል እየፈለቀቀ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ሲነሰንስለት ነበር። አንዱ ደንቆሮ ሌላውን ያክማል።

ገዳሪፍ ከተማ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አረብኛው ከ«ታማም» ስለማያልፍ እኔ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ መድኃኒት አሳክኮት ወይም ፊቱን አሳብጦት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ። አያውቅም። ከዚያ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ ከበበው፤ ከመስመሩ ካለፈ ቶሎ አምጪው አለኝ። የሰጠውን ካፕሱል በየስምንት ሰዓቱ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን። ቢሻለውም እስከ መጨረሻው።

ሐሙስ

«ዋጥህ?» ስለው «ዋጥኩ» ይላል። ማታ ቆጠርኳቸው፤ ልክ ናቸው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ከሰዓት ሲያስመልሰው ግን አይቼዋለሁ። ሽሮው ነው አለ። ሃያ የእርሻ ሠራተኛ የሚበላውን የእኔን ሽሮ!

አርብ

ቅላቱ መስመሩን ሁለት ጣት አልፏል። ያተኩሰዋል።

እሱ አልናገር ሲል መላኩን አፋጠጥኩት። ለካ ጾም ነው ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምስም፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የቀኑን ሦስቱንም በባዶ ሆዱ ባንድ ጉርሻ ይውጣል። ከዚያ ያስመልሰዋል። መላኩ ይህን እንደ ጀግንነት ነው ያወራልኝ። «ቁጥሩ እኮ ሞልቷል» አለኝ።

ወደ ሐኪሙ ተመለስን። መርፌ ወጋው፣ አዲስ ካፕሱል ሰጠው፣ ሰባቱን ቀን ከዛሬ ጀምሮ ቆጠረ፣ ሌላ መስመር አሰመረ። አንዷን እንኳ ቢረሳ ደርቦ እንዳይውጥ አስጠነቀቀ። እስከ ሰኞ ካልቀነሰ ሆስፒታል ገብቶ ይቀደዳል፤ ከባሰ እግሩን ሊያጣ ይችላል አለ። ይህንንም ተረጎምኩለት። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው ግን ለእኔም ነው፤ ለእናቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

ቅዳሜ

ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ስለሚበላ ሦስቱንም በሰዓታቸው ይውጣል። መስመሩ በላብ እንዳይለቅ በዚህችው በምጽፍባት እስክሪብቶ ደገምኩበት። የምፈራው ሰኞን ነው።

መተማ ላሉት ነፍስ አባታችን ደወልኩና ስልኩን ለደሳለኝ ሰጠሁት። አባ ሳቁ። «ልጄ፣ ለታመመ ሰው ምን ጾም አለበት? ብላ፣ ጠጣ፣ መድኃኒትህን ዋጥ። ስትድን ትጾማለህ።» «እሺ አባ» አለ። ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ «ሰው ምን ይለኛል?» አለኝ።

ሰው ማለት መላኩ ነው። ወንድሜ የሚጾመው ለመላኩ ነው።

እሑድ

ትኩሳቱ በርዷል። ቅላቱ እዚያው ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

በጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ማጭዱን እየሳለ ሳለ ቂጣና ሻይ ፊቱ አስቀመጥኩለት። መላኩ «ደሳለኝ ጾም ፈታ» ብሎ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ። «እግሩ ሲቆረጥ አንተ ታዝለዋለህ?» አልኩት መላኩን። ወንድሜ ቂጣውን በላ፣ ካፕሱሉን ዋጠ። ለአንዲት የጠዋት ጉንጭ ውሃ ብሎ ነው እግሩን ሊያጣ የነበረው።

እኩለ ቀን ላይ አየሁት፤ ቅላቱ ከመስመሩ አንድ ጣት ወደ ውስጥ ገብቷል። ማድቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? መላኩ፣ ጉንጩን ይዞ። ድዱ አብጧል፣ ከወንድሜ ካፕሱል ሁለት ስጪኝ ይላል። «አሥራ አንድ አለው፣ ምን ይጎድልበታል?» ደሳለኝ ደግሞ ከውስጥ «ስጪው፣ እኔ ተሽሎኛል» አይል መሰላችሁ! ሰደብኩት። ካፕሱሎቹን ጡቴ መሃል ወሸቅኳቸው፤ መላኩን ነገ ሐኪሙ ዘንድ እወስደዋለሁ፣ የእሱ አረብኛ ከወንድሜም ይብሳል።

አራት ቀን ይቀረናል። አሁን ይህን ስጽፍ ደሳለኝ ሳልጠራው እያነከሰ መጣ፤ ባንድ እጁ ውሃ ይዟል፣ ሌላውን ዘረጋልኝ። ሳልሰድበው ሰጠሁት።