የሁለቱ ፖስታዎች ሠላሳኛ ዓመት

ይድረስ ስምንት ዓመት ከአንድ ማንቆርቆሪያ ፊት አብራኝ ለተቀመጠችው ለእህት ዓለሜ።

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ዓመት በላክሽልኝ አጭር ወረቀት ላይ ደረጃ መውጣት አቅቶኛል ብለሽ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኔም ጉልበት ካንቺው ጋር የተማከረ ይመስል ያስቸግረኛል። በተረፈ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ጥርሴም ዓይኔም ቀንሷል፤ ምላሴ ግን እንዳለ ነው። ይህን ፖስታ ስትቀበዪ ከማንበብሽ በፊት ክዳኑን ገልብጠሽ እንደምትመረምሪው አውቃለሁ። መርምሪው፣ ምንም አታገኚበትም። የታሸገው በገዛ ምራቄ ነው።

ወሬ ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን በዓል አደረገ። ለጎረቤት እንኳ «መዝገብ ቤት ነው የምንሠራው» እያልን ስንዋሽለት የኖርነው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ ስሙን በር ላይ በትልልቅ ፊደል ለጥፎ፣ ምንጣፍ አንጥፎ፣ «የሁለቱ ፖስታዎች ሠላሳኛ ዓመት» ብሎ ሕዝብ ይጋብዛል። ለኔም የጥሪ ካርድ መጣልኝ። ያንቺን የት እንደላኩት ለማወቅ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየችና እንደዚያ የምትባል ሠራተኛ የለችም አለችኝ። አለች እንጂ፣ ከኔ በፊት የተቀጠረች ናት ብላት፣ ምናልባት ተሳስተው ይሆናል እናቴ አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ቀረሁ ብዬ ነበር። ልጄ ናት እየጎተተች የወሰደችኝ፤ ለስንት ዓመት የደበቅሽኝን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ልየው ብላ።

ክፍላችንን ምድር ቤት እንደገና ሠርተውታል። ብታዪው በሳቅ ትፈርሺ ነበር! በቡታጋዙ ፋንታ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ አስቀምጠዋል። ወንበሮቹ ስፖንጅ አላቸው። ጠረጴዛው ጋ ነጭ ጓንት ያደረገች የሰም አሻንጉሊት ተቀምጣለች፤ ወገቧ የጣት ቀለበት ያህላል። እኛ ጓንት ኖሮን ያውቃል? ጣቶቻችን በእንፋሎት ተልጠው የሽማግሌ ጣት መስለው አልነበር? የቤቴ ሰዎች ልብስ አጣቢ ነሽ ወይ እስኪሉኝ ድረስ።

ግን እህቴ፣ እዚያ ቆሜ እንባዬ መጣ። ናፈቀኝ። መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋው ያ ጠባብ ክፍል፣ የሰው ፖስታ በእንፋሎቱ የምንከፍትበት የማንቆርቆሪያው ፉጨት፣ ከአጥንት የተሠሩት ቀጫጭን ቢላዎቻችን፣ የሙጫው ቆርቆሮ። አለቃችን፣ በየአሥር ደቂቃው «ጥንቃቄ!» እያለ በመስታወቱ በር ብቅ ስለሚል ጋሼ ጥንቃቄ ያልነው፣ አፍንጫው ከሱ ቀድሞ ይገባ ነበር። ያነበብነውን እርስ በርስ ማውራት ክልክል ነበር፤ በምሳ ሰዓት ግን እንደ ተከታታይ ድራማ ነበር የምናወራው። ያ ሹፌርና እጮኛው ትዝ ይሉሻል? እሷ ሚኒስቴር ውስጥ ጸሐፊ ስለነበረች ደብዳቤዎቿ በሙሉ በኛ በኩል ያልፉ ነበር። ሠርጉን ሦስት ጊዜ ሲያራዝም አንቺ «ይሄ ሰውዬ አያገባትም» ስትዪ፣ እኔ «ያገባታል» ስል፣ በማናውቃቸው ሰዎች ሁለት ቀን ተኳርፈናል። እንደ ቤተሰብ ነበሩ። ልጅ ሲወልዱ ደስ ይለናል፣ ሰው ሲሞትባቸው እናለቅስና እንባችን ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ዘወር እንላለን። ሥራው ነውር ነበር፤ አሁን ሳስበው ነውር ነው። ፍቅራችን ግን ነውር አልነበረም።

የፖስታዎቹ ነገር በሆነ ሰሞን ደግሞ፣ ታስታውሺ ይሆናል፣ የሙጫው ሽታ አስጠልቶኝ ጠዋት ጠዋት ወደ መታጠቢያ ቤት እሮጥ ነበር። አንቺ አንድ ቃል ሳትጠይቂኝ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበርሽን ለቀሽልኝ ወደ ውስጥ ገባሽ። ሙጫው ነው አልኩሽ። አዎ፣ ዘንድሮ ሙጫው ከፍቷል አልሽኝ።

ግድግዳው ላይ ታሪኩን በትልቁ ጽፈውታል። በሁለቱ ፖስታዎች የተያዘው ሰላይ የሰዓት ጠጋኝ እንደነበር፣ ከውጭ አገር «አክስቴ» ከሚላት ሴት ደብዳቤ ይቀበል እንደነበር ይናገራል። ከዚያ ጠቢቡ አለቃ አንድ ብልሃት አመጡ ይላል። የአክስቲቱ ደብዳቤ በአንድ ሹፌር የፍቅር ደብዳቤ እንዲቀየር አዘዙ። ሰዓት ጠጋኙ የአክስቱን ፖስታ ሲከፍት የማያውቀው ሰው የሰደደውን ናፍቆትና መሳም አገኘ፤ ፖስታው መከፈቱን ዐወቀ፤ ደንግጦ ሱቁን ዘጋና በቀጥታ ለስለላ ወዳሰማራው አለቃው ቤት ሮጠ። ሲከታተሉት የነበሩ ሰዎቻችንም ከኋላው ገብተው ሁለቱንም አንድ ላይ ያዟቸው። ጋሼ ጥንቃቄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለዚህ ነው ኒሻን የተሸለመው። በየዓመቱም ለአዳዲሶቹ ሠራተኞች እንደ ትምህርት ይነገራል አሉ። ብልሃት!

ብልሃት እንዳልነበር አንቺም እኔም እናውቃለን። ስህተት ነበር። የማታውቂው፣ ወይም አታውቂውም ብዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሰብኩት፣ የማን ስህተት እንደሆነ ነው። እንግዲህ ልናገር። የኔ ነው።

የዚያን ቀን አባትሽ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር፤ ልታዪያቸው ወጣሽ። ሕጉ የምትወጣው ሴት የፖስታ ትሪዋን ለአለቃ ታስረክብ፣ የሰው ትሪ አይነካ የሚል ነበር። ካስረከብሽ ደግሞ ከሥራ ቀርታለች ተብሎ ይጻፍብሻል። ስለዚህ ሂጂ፣ የተረፈውን እኔ እጨርስልሻለሁ አልኩሽ። ሁለት ትሪ ፊቴ ሲከመር ቸኮልኩ። አንዱን ሳታሽጊ ሌላውን አትክፈቺ የሚለውንም ሕግ ጣስኩና ካንቺ ትሪ ላይ ሁለት ፖስታ አንድ ላይ ከፈትኩ። የአክስቲቱንና የሹፌሩን። አንብቤ ቀድቼ እንደጨረስኩ ሙጫው ሸተተኝ፤ ሮጥኩ። ስመለስ ራሴ እየዞረ ነበር። ወረቀቶቹን አጥፌ ከተትኩ፣ ለጠፍኩ፣ በትሪሽ መዝገብ ላይ ያንቺን ምልክት አድርጌ አሳለፍኳቸው።

በሦስተኛው ቀን እጮኛይቱ ስለማታውቃት አክስት ኩላሊት የሚያትት ደብዳቤ ይዛ ፖስታ ቤት ድረስ መጥታ ስትጮህ ጉዱ ፈላ። ጋሼ ጥንቃቄ መዝገቡን አወጣ፤ ምልክቱ ያንቺ ነው። ወደ ቢሮው ሲጠራሽ በመስታወቱ አይሻለሁ። ድምፅ አይሰማም። መዝገቡን ሲያሳይሽ፣ አንቺ ረጅም ጊዜ ስታዪው፣ ከዚያ እስክሪብቶ ተቀብለሽ ከሥሩ ስትፈርሚ አየሁ። ወጥተሽ ኮትሽን አነሳሽ። እጄ ስቶ ነው አልሽኝና ጉንጬን ስመሽ፣ መስኮቱን እንዳታስዘጊ፣ ነፋስ ያስፈልግሻል ብለሽኝ ሄድሽ።

እኔ ዝም አልኩ። አፌ የት ሄዶ እንደነበር እስከዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ሰዓት ጠጋኙ ተያዘና ስህተቱ ብልሃት ሆነ። ብልሃት ከሆነ በኋላ ደግሞ አንቺን መመለስ አይቻልም፤ ከመለሱሽ ለምን ተባረረች ሊባል ነው። አንቺ ሌላ ከተማ ሄደሽ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሽ። እኔ ጡረታ እስክወጣ እዚያው ወንበር ላይ ቀረሁ። ነይና እዪኝ እያልሽ በጻፍሽልኝ ቁጥር ሰበብ የምደረድረው ለዚህ ነበር። መንገዱ አይደለም የራቀኝ፣ ዓይንሽ ነው የከበደኝ። ራሴን የማጽናናው ግን ከትሪው ግማሹን ራሷ ሠርታ ነው የወጣችው፣ የራሷ እጅ መስሏት ነው የፈረመችው፣ ቢያንስ መከዳቷን አታውቅም እያልኩ ነበር። ሞኝ ነኝ እኮ። ስምንት ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳነብ ኖሬ ያንቺን ፊት ማንበብ አልቻልኩም።

በዓሉ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ያንን የትሪ መዝገብ አስቀምጠውታል። ዓይኔ ስለደከመ ልጄ ናት ያነበበችልኝ። ሁለቱ ፖስታዎች የታሸጉት አምስት ሰዓት ከአምስት ይላል። ሰዓቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከልምድ፣ መጻፌንም ረስቼው ነበር። ከሥሩ ያንቺ ፊርማ አለ። ጎኑ ላይ ደግሞ፣ ክፍሉን ለማሳመር ብለው መሰለኝ፣ የዚያኑ ቀን የበር ጥበቃ መዝገብ ዘርግተዋል። አንቺ አራት ሰዓት ከአሥር ወጥተሻል፤ ስድስት ሰዓት ገብተሻል። ልጄ ሁለቱን አስተያየችና፣ እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ውጭ ሆና ምን ሠርታ ነው የፈረመችው ብላ ጠየቀችኝ።

አሻንጉሊቷ አጠገብ ካለው የስፖንጅ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ዘበኛው መጥቶ ለእይታ የቀረበ ዕቃ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው ቢለኝ፣ ዕቃው እኔው ነኝ ልጄ፣ ተወኝ አልኩት። ሰዓቱን አይተሻል ማለት ነው፤ የኔ ጥፋት መሆኑን ዐውቀሽ ነው የፈረምሽው። ያን ሁሉ ጊዜ መዝገቡን ስታዪ የነበረው እሱን ነው። ያን ሰሞን ሥራዬን ባጣ ምን እንደሚገጥመኝ ከኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ነበር የማስበው።

በኋላ ወደ መድረክ ጠሩኝ። ሁለት ደቂቃ ተናገሪ አሉኝ፤ ተናገርኩ። ይሄ ሁሉ ብልሃት አይደለም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ የተባረረችው ሌላ ሴት ናት አልኩ። እህቴ፣ አጨበጨቡ! ሳቁና አጨበጨቡ። የመሥሪያ ቤቱ ሹም አቅፎኝ፣ የድሮ ሰው ትሕትናው አለ። ጽሑፉን ያዘጋጀውን ወጣት ይዤ የግድግዳውን ጽሑፍ አስተካክል ስለው፣ አሁን ታትሟል፣ ለአርባኛው ዓመት እናየዋለን ብሎ በአክብሮት ሸኘኝ። ለአርባኛው ዓመት እኔና አንቺ በምን ጉልበታችን ልንቆም! የሰጡኝን ሜዳሊያ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ።

ታክሲ ውስጥ ለልጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሙጫውንም፣ መስኮቱንም። ከሰባት ወር በኋላ ሠላሳ ዓመት ይሞላታል። አንቺ በሒሳብ ከኔ ትበልጪ ስለነበር ከዚህ በላይ አልጽፍም። ቤት እስክንደርስ እጄን አልለቀቀችም።

ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ አነሰብኝ፤ ሌላ ቃል ስለሌለኝ ግን እሱኑ ተቀበዪኝ። ከእንግዲህ ሰበብ የለኝም። የፊታችን ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። በር ብትዘጊብኝ እውነት አለሽ፤ ደጁ ላይ ቁጭ እላለሁ። ልጄም ካልመጣሁ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ትናንት ሻንጣዋን እያሰናዳች፣ እዚያ ስንደርስ ምን ብዬ ልጥራት፣ አክስቴ ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እሱን ራሷ ትንገርሽ አልኳት።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽና፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ እስከ ቅዳሜ ያቆይልኝ።

እህትሽ