መሰላል ያላስፈለጋቸው ድንጋዮች

ሆሳዕና፣ ግንቦት 1958 ዓ.ም.

ውድ ረሂማ፣

ደኅንነትሽን ከመንገደኛ ሁሉ ስለምሰማ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ደግሞም የያዝኩት ወሬ አላስቀምጥ ብሎኛል። አንጋጫ አክስትሽ ቤት ሆነሽ ከዚህ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እየያዝሽ ትጠይቂያለሽ አሉ። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ ቅቤ ዋጋ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ «የድሬዳዋ መኪኖች ተመልሰዋል?» ትያለሽ አሉ። የማን መኪና እንደሆነ ግን አትጠሪም። እኔ አንቺን አላውቅሽምና!

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ከሆመቾ ሽማግሌ ተልኮብሻል። ሰውየው የወፍጮ ጌታ ነው፤ ቁመቱ የስልክ እንጨት ያህላል። ሽማግሌዎቹም ከወፍጮው ይልቅ ስለ ቁመቱ አብዝተው ተናገሩ አሉ፤ የሆሳዕና ወሬ ሆመቾ ደርሷል ማለት ነው። አባትሽ ጋሼ ዑመር «ልጄ በአፏ ካልነገረችኝ ለማንም ቃል አልሰጥም» ብለው መልሰዋቸዋል። ለመልሱ በሚመጣው ቅዳሜ ይመጣሉ። የሹፌሩ የሰይድም የጋብቻ ጥያቄ እስካሁን እንደተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ አንድ ነገር ማለት አለብሽ። ከማለትሽ በፊት ግን ድንጋዮችሽ የደረሰባቸውን ስሚ።

አዎ፣ ድንጋዮችሽ። በቅርጫት አድርገሽ ለሰይድ የመለስሻቸው።

ነገሩ የተጀመረው አባትሽ ሱቅ በር ላይ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? ሰይድ ያን አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ቁልቁለቱ ላይ አቁሞ ጨርቅ ሲያስራግፍ፣ ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮ የተደረገውን ድንጋይ ልብ ያለ ሰው አልነበረም። አንቺ አየሽው። እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ጎድን ጎድን ያወጣ ድንጋይ። ቀና ብለሽ «ሹፌር! ይሄን ድንጋይ ማነው የጠቀለለው?» አልሽ። ሰይድ ከሚቀመጥበት ትራስ ላይ ተንጠራርቶ አንገቱን በመስኮት አወጣና «እኔ ለታኮ ብዬ ነው ያነሳሁት፤ ጠቅላዩ ቤት አልነበረም» አለሽ። እንደዚያ ቀን ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም። ድንጋዩን መኪናው ሰንጥቆት ነበርና ለሁለት እንዳይከፈል በቀይ የሹራብ ክር ጥፍር አድርገሽ አሰርሽው።

ከዚያ ወዲያ ሰይድ ከድሬዳዋ ሲመለስ ከጨርጨር ተራሮች አንድ ሁለት ድንጋይ ሳይዝልሽ አይመጣም። አንዳንዱ የወጥ ሳህን ያህላል፣ አንዳንዱ መዳፍ ውስጥ ይገባል። እትዬ ውቢት ከቅቤ ተራቸው ሆነው «የሰው ሹፌር ለወደዳት ሽቶ ያመጣል፣ የእኛው ድንጋይ ይጭናል!» ይሉ ነበር። አንቺ ምን ገዶሽ! ከአቡጀዲው ጎን ደርድረሻቸው ጨርቅ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ ስለ ድንጋይ ትመረምሪ ነበር።

ሰይድ ሽማግሌ የላከ ሰሞን እኒያው እትዬ ውቢት ገበያ መሀል ቆመው «ሰይድ ጥሎሹ ይቆየውና መጀመሪያ መሰላል ይግዛ!» አሉ። ገበያው በሳቅ ተናጋ። ምን ይደረግ፣ አንቺ በእኛ በር ስትገቢ ጎንበስ የምትይ ነሽ፤ የሱ መኪና ሲመጣ ደግሞ ከመሪው በላይ የሚታየው ቆቡ ብቻ ነው። እሱ አብሮ ስቆ አሳለፈው። አንቺ ግን «ጵርስቅላ፣ በሠርጌ ቀን ሰው ሊመርቅ ሳይሆን ሊስቅ ነው የሚመጣው» ብለሽኝ፣ ቅርጫቱን መልሰሽ ወደ አንጋጫ ሄድሽ። አልወደውም ግን አላልሽም። ይሄን ልብ ብያለሁ።

ሰይድ ታዲያ ቅርጫቱን አቅፎ እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት መጣ። «ቤት ሳስቀምጣቸው እኔን እኔን ያዩኛል፤ እስቲ ደግሞ ተማሪዎቹን ይዩ» አለኝ።

ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ ዳኘ የሚባል መምህር አለን፤ የሚያጠናው ስለ ድንጋይ ነው። ቀጭን ነው፣ ምሳ መብላቱን የሚረሳ ዓይነት። ቅርጫቱን ከፍቶ ሲያይ መሬት ላይ ተንበረከከ። «ጵርስቅላ! አሞናይት እኮ ነው!» አለኝ፣ የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ይመስል። ያ ተራራ አንድ ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ ዘመኑን ጁራሲክ ይሉታል፤ እነዚህም በባሕሩ ይንሳፈፉ የነበሩ ፍጥረታት ናቸው አለኝ። «ከኖኅ ውሃ በፊት ነው በኋላ?» ስለው ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና «በጣም በፊት ይመስለኛል፤ አባትሽ ግን እንዳይሰሙኝ» አለ። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ መሆናቸውን ሰው ነግሮታል።

ያንቺንም ጥያቄ ጠየቅኩልሽ፤ ሳታውቂው እንዳትቀሪ። ማነው የጠቀለለው? ማንም። ራሱ ነው። እያደገ ሲሄድ የጠበበውን ክፍል ከኋላው ይዘጋና ፊት ለፊት ሰፋ ያለ ይሠራል። ሁልጊዜ የሚኖረው በመጨረሻው ክፍል ነው፤ ወደ ድሮው አይመለስም። ይሄን ሲነግረኝ ቶሎ ወደ አንቺ ሮጬ መንገር አማረኝ፣ ከዚያ አለመኖርሽ ትዝ አለኝ።

ዳኘ ድንጋዮቹን በየወገናቸው ሊመድብ ተነሳ። አመዳደቡን ብታዪ! ጎድኑን ይቆጥራል፣ ጎድኑ የት ላይ ለሁለት እንደሚከፈል ያያል፣ መሀል ያለውን ጎድጓዳ እምብርት ብሎ ይለካዋል፣ አፉን በጣቱ ይዳብሳል። በመጨረሻ ትልልቆቹን በአንድ ጠረጴዛ፣ ትንንሾቹን በሌላ ደረደረና ለሁለቱም ምላሴ ላይ አልቆም ያለ የባዕድ ስም ሰጣቸው። «ትንንሾቹ የትልልቆቹ ልጆች ቢሆኑስ?» አልኩት። «አይደሉም» አለኝ። «አፉን እዪ፣ በግራ በቀኝ ጆሮ የመሰለ ነገር አለው። ይሄ የሚወጣው እድገቱን ሲጨርስ ነው። ትንሽ ነው እንጂ ልጅ አይደለም።» ሠላሳ ዓመት ያለፈውን ሰይድን ከተማው ሁሉ «ልጁ» እያለ ሲጠራው ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅኩ።

ጋሼ ሳህሉ፣ እኒያ ሠርግ በመጣ ቁጥር የሁለቱን ወገን ጎሳ የሚቆጥሩት፣ በመስኮት ሲመለከቱት ቆይተው «ይሄ ልጅ የኔን ሥራ ነው የሚሠራው። ማንን ሊድር ነው?» አሉኝ።

እንግዲህ የወላጆች ቀን ደረሰ። አባትሽ መጡ፣ እትዬ ውቢት መጡ፣ ጋሼ ሳህሉ ከፊት ወንበር ተቀመጡ፤ ሰይድም ቆቡን አውልቆ በር አጠገብ ቆመ። ዳኘ ስለ ባሕሩ ሲያስረዳ ሰው አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። ሲጨርስ ሰይድ ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛዎቹ ቀረበ።

«መምህር፣ ለምን ለያየሃቸው?»

«ወገናቸው የተለያየ ነው።»

«እኔ ግን ያነሳኋቸው ከአንድ ቦታ ነው። መኪናው ሲግል የማሳርፍበት አንድ የተቆረጠ ገደል አለ። እዚያ ትልቁም ትንሹም ተደባልቀው ነው ያሉት።»

«ከአንድ የድንጋይ ንጣፍ? ከላይና ከታች ሳይሆን?»

«እንደ ባቄላና አተር ተደባልቀው አልኩህ እኮ።»

ዳኘ ጠረጴዛዎቹን ተራ በተራ አየ። ከዚያ በቀይ ክር ወደታሰረችው፣ ወደዚያች የመጀመሪያዋ ትልቅ ድንጋይሽ ሄደ። እስከዚያ ቀን ክሩን የነካ አልነበረም። «ውስጧን ማየት አለብኝ፤ ልፍታው?» አለ። ሰይድ አላስነካውም። ወደ አባትሽ ዞረና ጠበቀ። አባትሽ ራሳቸውን ነቅንቀው እሺ አሉ። ሰይድ ክሩን ራሱ ፈታው፣ ሳይበጥስ፣ ቋጠሮ በቋጠሮ። ያሰርሽው እንዴት አድርገሽ ነው? ሰው ሁሉ ደከመው።

ድንጋይዋ ስትከፈት እምብርቷ ላይ ያለው፣ ገና ትንሽ ሳለች የሠራችው ጥቅል ብቅ አለ። ዳኘ ከሌላው ጠረጴዛ ትንሹን አንስቶ ከጎኑ አደረገው። ጎድኑ ያው፣ ጎድኑ የሚከፈልበት ቦታ ያው፣ እምብርቱ ያው። «እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው» አለ። «ከዚህ በኋላ ትንሹ ያቆማል፣ ትልቁ ይቀጥላል። ተሳስቻለሁ! አንድ ወገን ናቸው!»

ጋሼ ሳህሉ ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «አንድ ወገን ከሆኑማ ጋብቻው ፈረሰ!»

ኧረ ሳቁ! እኛ ከአንድ ጎሳ እንደማንጋባ ዳኘ ከየት ያውቃል? «የምን ጋብቻ?» ብሎ ግራ ገባው። ነገሩን በጆሮው ሳሾከሹክለት ደግሞ ብሶበት ተነሳ። «አይ ጋሼ፣ እንዲያውም ጋብቻው የሚጸናው አሁን ነው! በውጭ አገር ሊቃውንት በቅርቡ የሚሉት አለ። እንዲህ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሆነው በአንድ ንጣፍ የሚገኙት ሴትና ወንድ ናቸው ይላሉ። የተለያየ ስም ስንሰጣቸው የኖርነው ባልና ሚስቱን ነው ይላሉ። ሁሉም አልተስማሙም፤ እኔም አልምልም።»

እትዬ ውቢት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ልጄ፣ ሴቷ የትኛዋ ናት?»

«ትልቋ ይመስላል፣ እትዬ። እንቁላል የምትሸከመው እሷ ስለሆነች።»

«ይሄ ኩርማኑስ?»

«ባሏ።»

ሰው ሁሉ መጀመሪያ ወደ ሰይድ ዞረ፤ ከዚያ፣ ሙች እልሻለሁ፣ ከሰይድ ጎን ከፍ አድርጎ አየ፣ አንቺ ብትኖሪ ራስሽ የሚሆንበትን ቦታ። እትዬ ውቢትም አዩ፤ ትንሽ አሰቡና፦

«ታዲያ ባሕር ውስጥ መሰላሉን ከየት አመጡት?»

ረሂማ፣ አባትሽ በሳቅ እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። ሰይድ ግን አልሳቀም። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀና ዳኘን «ትልቋ ትታው ሄዳ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቀው። «ይሄን ድንጋይ አይነግረንም» አለ ዳኘ። ሰይድም «እንግዲያው ሰው ይጠየቃል» አለና ቆቡን አድርጎ ወጣ። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሳቀ የለም።

ዳኘ አንዱን ጠረጴዛ አስወጣው። አሁን ትልቅና ትንሽ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎቹ «የሰይድ ዘመዶች» ይሏቸዋል። እትዬ ውቢት በበኩላቸው ቅቤ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ ነገሩን እሳቸው እንዳገኙት አድርገው ያወራሉ። ትናንት አንድ የዳምቦያ ሰው ስለ ሰይድ ቁመት ሊቀልድ ቢሞክር «ዝም በል፣ መሃይም! ያንተ ጋብቻ ከተራራ በፊት ጀምሮ ቆይቷል?» ብለው ባዶ እጁን ሰደዱት።

በሠርግሽ ቀን ማንም አይስቅም ብዬ አልዋሽሽም። ጋሼ ሳህሉ ብቻቸውን ይበቃሉ። እኔ የሰማሁት ሳቅ ግን ከዚያኛው የተለየ ነው፤ ራስሽ መጥተሽ ስሚው።

አባትሽ ይሄን ደብዳቤ «ጻፊላት፣ ግን አታባብያት» ብለው ነው ያስጻፉኝ። አላባበልኩሽም፤ ያየሁትን ነው የነገርኩሽ። ከደብዳቤው ጋር ዳኘ ከትልቋ ጎን ያደረገውን ትንሹን ድንጋይ በቀዩ ክርሽ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ትልቋ እኔ ጋ ናት፣ መስኮቴ ላይ። የምትመጪ ከሆነ ቅዳሜ ይዘሽው ነይ። የማትመጪ ከሆነ ደብዳቤውን ላመጣልሽ ሹፌር መልሰሽ ስጪው፤ ማንም ምንም አይጠይቅሽም። ሹፌሩ ሰይድ አይደለም። ሌላ ሰው ይሂድ ያለው እሱ ራሱ ነው፤ «ፊቴን አይታ እንዳትራራ» ብሎ።

መልእክት የለህም ወይ ብዬው ነበር። የመኪናውን መስታወት ሲወለውል፣ ሲወለውል ቆየ፤ የጸዳውን ደግሞ ወለወለ። በመጨረሻ ጀርባውን እንደሰጠኝ «መሰላል አልገዛሁም በያት» አለኝ።

የበራችንን ጉበን ከፍ አላስደረግንም፤ ስትገቢ ጎንበስ በይ።

ያንቺው
ጵርስቅላ