ጅቡ ከመናገሩ በፊት ያለችው ሳል

ታዴ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እንዴት ነህ አልልህም፤ ያለህበትን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት ላይ ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀምጠህ ፊደል ስታስቆጥረኝ፣ ባሌ ነው ብለሽ እንዳትስቂ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? እኔ እንኳን አልሳቅሁም፤ የሳቅኸው አንተ ነህ። ጽሕፈቴ አሁንም እንደ ሊማሊሞ መንገድ ይጠማዘዛል፤ ታግሰህ አንብብልኝ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ጣራው በሚያፈስበት በኩል ጎረቤታችን አያ ደምሌ ቆርቆሮ መቱልኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። ያችን ቁርበታችንን ግን እስከ ዛሬ አልተካኋትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ከመደባችን ላይ ገፍፈህ ትምህርት ቤት ይዘሃት የሄድክ ዕለት እንዴት እንደተናደድኩ! እንግሊዝኛ ለማስተማር ቁርበት ምን ይሠራል ብዬ በር ላይ ቆሜ ጮህኩብህ። ተረቱ የኔ ነበር፤ እናቴ ጃናሞራ ሳለን የነገረችኝ፣ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለው ጅብ። እራት ላይ እኔን በአማርኛ ታስወራኝና በማግስቱ ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ታወራዋለህ።

መጀመሪያ በአማርኛ ትነግራቸዋለህ። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ እያልክ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ታነብላቸዋለህ፤ እነሱም ይቀበሉሃል። ቁርበቷ መሬት ላይ ትዘረጋለች፣ አንዱ ጅብ፣ አንዷ ባለቤት ትሆናለች። ሰባተኛ ክፍል ሲገቡ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንባቸዋልና ጆሯቸው ሳይለምድ አፋቸው አይፈታም ትል ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተረት የኋላ ቀር ሥራ ነው ብሎ ሲቆጣህ፣ ጓድ፣ ጅቡ እኮ ባላባት ነው፣ ሰው አንጥፎ እንዲያስተኛው የሚፈልግ ብለህ አሳለፍከው። እስከ ዛሬ ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

በአንተ ቦታ የመጣው መምህር ብርሃኑ ይባላል። ወጣት ነው፣ ሸጋ ልጅ ነው። ባለፈው ጥር አንድ ቀን ተቆጥቶም አፍሮም ቤቴ መጣ። ልጆቹን ተረቱን አንብቡልኝ ብሏቸው ነበር። ጥሩ አድርገው ሲያነቡ ቆዩና ጅቡ የሚናገርበት ጋ ሲደርሱ ክፍሉ ሙሉ በአንድ አፍ ሳለ። እንደገና አንብቡ አላቸው፣ እንደገና እዚያው ላይ ሳሉ። በሟች የሚቀልዱ መስሎት ገሠጻቸው፤ ያቺ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ዝናሽ አለቀሰች።

ሄጄ ሰማሁት። ታዴ፣ ያንተው ሳል ነበረች። የጅቡን ድምፅ ለማውጣት ጉሮሮህን ስታወፍር ከደረትህ ትነሣብህ የነበረችው፣ ሁለቴ ደረቅ፣ አንዴ ረጅም። አብዛኞቹ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ናቸው። ጓድ መምህር በሉ ሲባሉ እንኳ አንተን የኔታ ከማለት አልተመለሱም። እዚያ ደግሞ ከየኔታ አፍ የወጣ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም። እንግሊዝኛው እንዲህ ነው ብለው ነው የያዙት።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ።

ልጆቹ ደባርቅ ሄደው በአውራጃው ትምህርት ቤቶች ፊት ሊያነቡ ነበር። ብርሃኑ ይሳቅባቸዋል ብሎ ፈራ፤ ልክም ነበር። ሳሏን ተዉ ቢላቸው እንቢ አሉ፤ የኔታ ያስተማሩንን አንቀንስም፣ እትዬ ካሉን ብቻ እንተዋለን አሉት። ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ቤት ያለችው ፎቶግራፍህ አትናገርም። በዚህች ምድር ላይ ካንተ የሚሰማ የቀረኝ ያቺ ሳል ብቻ ናት፤ እሷን ራሴ በአፌ ላስቀራት? ሳልነግራቸው ሰነበትሁ። በትምህርት ቤቱ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አጥሩን ተደግፌ እቆም ነበር፣ እስኪስሉ።

በኋላ ግን ማስተማርህን አሰብኩ። አንተ ልጆቹ በሰው ፊት አፋቸውን ሞልተው እንዲናገሩ ደከምክ እንጂ እኔ አጥር ሥር ቆሜ እንዳለቅስ አይደለም። ገብቼ ነገርኳቸው፤ ሳሏ ከተረቱ አይደለችም፣ የኔታን ሲያማቸው ነው አልኳቸው።  ዝናሽ ተነሥታ፣ ታዲያ እያመማቸው ነበር የሚያነቡልን? አለች። አዎ ልጄ አልኳት። 

ደባርቅ አብሬያቸው ሄድኩ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እንግሊዝኛው ለኔ እንግዳ ነው፤ ተረቱ ግን የራሴ ስለሆነ የት እንደደረሱ አውቅ ነበር። ጅቡ መንደር ገባ፣ ሰዎቹ ተቀበሉት፣ አሁን ሊናገር ነው። ልጆቹ አልሳሉም። ቆሙ። ሳሏ የምትወስደውን ያህል፣ ሁሉም አንድ ላይ፣ አፋቸውን ገጥመው ጠበቁ፤ ከዚያ ጅቡ ተናገረ፣ አዳራሹም በጅቡ ሳቀ። እንዲህ አድርጉ ያላቸው ሰው የለም። ብርሃኑን ጠየቅሁት፣ እኔም አላልኳቸውም አለኝ።

ታዴ፣ እነዚህ ልጆች ያድጋሉ፣ በየአገሩ ይበተናሉ፣ አንድ ቀን ለምን እዚያ ጋ እንደሚቆሙ እንኳ ይረሳቸው ይሆናል። ይርሳቸው፣ ግድ የለም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ ሁለቴ ደረቅ፣ አንዴ ረጅም እንደነበረች አውቃለሁ።

የአንተው አልጋነሽ
ድብ ባሕር