ያኛው ጋዝ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ገዛሁት! ሐጂን አሰልችቼ፣ ራሴንም አሰልችቼ፣ በመጨረሻ ገዛሁት።

ለስብሰባ ነበር መተማ ዮሐንስ የወረድኩት። ስብሰባው እንዳለቀ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ። ሽቶ፣ ጎማ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሕፃን ጋሪ፣ እሳቸው ጋ የማይገኝ የለም። «በጀርባዬ ተሸክሜው የምሄድ፣ ውሃ የሚያፈላ ነገር» አልኳቸው። ሦስት ምድጃ ደረደሩልኝ።

አንደኛው በእጅ እየተነፋ በላምባ የሚሠራ። እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ክብደቱ ግን የበግ ግልገል ያህላል። ሁለተኛው በስፒርት የሚነድ ጣሳ። ቀላል ነው። ግን እኔ ነርስ ነኝ፤ ስፒርት ይዤ ከታየሁ «ከጤና ጣቢያ ወሰደች» መባሌ አይቀርም። ሦስተኛው ታጥፎ መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ሦስት እግሮቹ እንደ ዶሮ ጣት የሚዘረጉ፣ ትንሽዬ የጋዝ ቆርቆሮ አናት ላይ የሚጠመዘዝ። ሐጂ ወርቅ በሚመዝኑበት ሚዛን ላይ አስቀመጡልኝ። ከስልኬ ያንሳል!

ይኼ ምድጃ ነው ወይስ የጆሮ ጌጥ አልኳቸው። ፈረንጅ ተራራ ሲወጣ የሚይዘው ነው፣ ታማም ነው፣ ምንም አይወጣለትም አሉኝ። እዚህ ቆላ ምን ተራራ አለ ብላቸው «እንግዲያማ ለሜዳ ይበልጥ ታማም!»

ቆርቆሮው አንድ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለተኛው ዓርብ ከጎንደር ይመጣል ብለዋል።

ለምን እንዲህ እንደተንገበገብኩ እዚህ ልጻፈው፣ ለሰው አልናገረውም። ዓምና በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ወባ ልንመረምር ወደ እርሻ ካምፖቹ ስንወጣ የበርሜል ውሃ ጠጥቼ ሆዴ ጉድ አደረገኝ። በትራክተር ተሳቢ፣ ሰሊጥ ጆንያ ላይ ተጋድሜ፣ በገበያ ቀን የጤና ጣቢያችን ከተማ ሸሕዲ ገባሁ። ሠራተኛ ሊቀጠር የቆመው ሰው ሁሉ አየኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ሲስተር ተሳቢ ነው። ኃላፊያችን አቶ ደመላሽ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ጠርተው፣ ዘንድሮም እንደዚያ ከመጣሽ ከመስክ ወጥተሽ ካርድ ክፍል ትገቢያለሽ ብለውኛል። ካርድ ክፍል! ቀኑን ሙሉ «ካርዴ ጠፋ» እየተባልኩ! በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። አለቀ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ኩሽና ውስጥ ሞከርኩት። መጀመሪያ ጋዙን ከፍቼ ክብሪት ፍለጋ ሄድኩ። ስመለስ ጫርኩ። ቡፍ! የግራ ቅንድቤ ግማሹ የለም።

ሁለተኛውን ጊዜ ክብሪቱን አስቀድሜ፣ ጋዙን ቀስ አድርጌ። ፍስስ አለና ሰማያዊ እሳት። አንድ ጣሳ ውሃ ፀጉሬን አበጥሬ ሳልጨርስ ፈላ! ደስታዬን አልቻልኩትም። ጎረቤቶቼን ጠርቼ አሳየሁ። ላላዩት ደገምኩ። «የታለ?» እያሉ ለሚመጡት ሠለስኩ።

ፋን ሳበራ እሳቱ ወደ ጎን ተኛ፤ ውሃው እንቢ አለ። ስለዚህ ነፋስ ጠላቱ ነው። በቆርቆሮ ሙሉ በሙሉ እንዳትከልዪው፣ የጋዙ ቆርቆሮ ከጋለ አደጋ ነው ብለውኛል ሐጂ። በአንድ በኩል ብቻ የሚከልል ነገር ይፈለግ።

የያዝኩት፦ ምድጃ፣ ጣሳ፣ ክብሪት ሁለት፣ ሻይ ቅጠል፣ ስኳር፣ ደረቅ ዳቦ፣ ካልሲ፣ የወባ መመርመሪያና መድኃኒት። ቦርሳዬ እንደ ላባ ቀለለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

አብረውኝ የሚወጡት ጋሽ አያሌው ናቸው፣ የወባ ባለሙያው። ሠላሳ ዓመት ይኼን ቆላ ረግጠዋል፤ ጡረታቸው ደርሷል። ምድጃዬን ሰምተው ሲስቁብኝ ነው የሰነበቱት። «እኔ ሠላሳ ዓመት የበርሜል ውሃ ጠጥቼ ምን ሆንኩ?» ይላሉ።

ቤታቸው መተማ ዮሐንስ ስለሆነ ደወልኩላቸው። ጋሼ፣ ሐጂ ጋ ጋዝ አለኝ፣ ነገ ሲመጡ ይያዙልኝ አልኩ። ስንት ልበል አሉኝ። አንድ ይበቃል። በፌስታል ልጠቅልለው? እንደፈለጉ። ክዳኑ አያፈስም? አያፈስም ጋሼ፣ ምን ሆነዋል!

ሽማግሌ ሲጠነቀቅ ደስ ይላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

በንዴት ነው የምጽፈው።

ጠዋት ከሸሕዲ ተነሣን። ሚኒባስ እስከ መገንጠያው አደረሰን፤ ከዚያ በኋላ በእግር። መኪና አይገባም፣ የዋልካው ጭቃ ገና አልደረቀም። ጫማዬ ሥር ሌላ ጫማ እየበቀለ ስጎተት ዋልኩ። እንደ ላባ የነበረው ቦርሳዬም ከበደኝ፤ ደክሞኝ ነው አልኩ። ላምባ ላምባ ይሸተኝ ነበር፤ በሩቅ ትራክተር አለ አልኩ።

ካምፑ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የእርሻው ወኪል ገና ሰላም ሳይለን፣ እሳት የሚባል ነገር እዚህ አይነድም አለን። እውነቱን ነው። ታስሮ ለመድረቅ የቆመው የሰሊጥ ነዶ፣ ሂላ የሚሉት፣ እስከ አድማስ ድረስ ነው፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። የሠራተኛው ምግብ እንኳ የሚበስለው ሽንፋ ወንዝ ዳር ነው፣ የአንድ ሰዓት መንገድ። ምድጃዬን ሳሳየው በመዳፉ ገለባበጣትና ሳቀ። መሬቱን በደንብ ጠርገሽ፣ አፈር የሞላ ባልዲ አጠገብሽ አድርገሽ፣ እኔም ቆሜ ከሆነ ይሁን አለ። እሰይ!

ከዚያ ጋሽ አያሌውን፣ ጋዙስ አልኳቸው። ያንቺው ቦርሳ ውስጥ ነው አሉኝ። ስንነሣ ከትቼዋለሁ፣ ቦርሳዬ ቀለለኝ ስትዪ ሰምቼ።

ከፈትኩት። በሦስት ፌስታል የተጠቀለለ የሃይላንድ ጠርሙስ። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ። ላምባ! ደግሞ አፍስሷል። ዳቦዬን አበላሸ፣ ካልሲዬን አበላሸ፣ ቦርሳዬ የኩራዝ ሆድ ሆኗል።

«ጋዝ አላልሽም?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። ቡታጋዝ ነው ያልኩት ብዬ ጮኽኩ። «ቡታ የምትለዋን አልሰማኋትም» አሉ። ለካ ሐጂ ሱቅ ሲደርሱ ለዓርብ ሶላት ተዘግቷል፤ ጋዝ ለጋዝ ምን ልዩነት አለው ብለው ከመንገድ ዳር ገዙ።

አሁን ተጋድሜ ሳስበው ቡታ አላልኩም። ጋዝ ነው ያልኩት። አገሩ በሙሉ ደግሞ ጋዝ ሲል ላምባ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፣ አልነግራቸውምም።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ያለችን ያቺው አንድ ቆርቆሮ ናት፤ እሷንም ሐሙስ ዕለት ለጉራ ሳነዳት ነበር። ቆርቆሮዋን ወዘወዝኳት፤ ቾክ ቾክ ትላለች። ምን ያህል እንደቀረ እግዜር ይወቅ።

ጠዋት ተጣላን። እኔ ጋዙ ለመጠጥ ውሃ ብቻ ይዋል አልኩ። ጋሽ አያሌው ሻይ ካልጠጡ ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ያለ ሻይ አልሠራም ብለው ተቀመጡ። ስንከራከር የሰሙ አንድ የጎጃም ሠራተኛ፣ «ኧረ ሲስተር፣ ሻዩስ የፈላ ውሃ አይደለም እንዴ?» አሉ።  በቃ፣ ሁሉም ሻይ ሆነ። ሲጠማን ሻይ፣ መድኃኒት ለመዋጥ ሻይ፣ ኮዳችን ውስጥ የቀዘቀዘ ሻይ።

ነፋሱ አስቸገረን። የሚከልል ነገር ስናጣ የጋሽ አያሌው ጃንጥላ ትዝ አለኝ። እሳቸው ቁጢጥ ብለው ጃንጥላውን ይይዛሉ፣ እኔ ተንበርክኬ ጣሳውን እይዛለሁ፣ ወኪሉ የአፈር ባልዲውን አንጠልጥሎ በላያችን ይቆማል። ለአንድ ጣሳ ሻይ ሦስት የመንግሥትና የግል ሠራተኛ! ሊመረመር የተሰለፈው ሁሉ እያጨበጨበ በሳቅ ሞተ። ያው የጎጃሙ ሰውዬ፣ ይቺ ምድጃ ስታድግ ስንት ሰው ታበላለች ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሳቄ መጣ።

ጃንጥላው ጫፉ ላይ ትንሽ ተበሳ። ጋሽ አያሌው አላዩም።

ሆዴ ደህና ነው። ይኼን ትልቅ አድርጌ ልጻፈው። ሆዴ ደህና ነው!

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሁለተኛው ካምፕ። እዚህም ውሃው የበርሜል ነው፤ ከሽንፋ ተቀድቶ በትራክተር የሚመጣ። ትራክተሩ ራሱ ትናንት ቆሟል። የናፍታ ማጣሪያው ተደፍኖበት ሹፌሩ ፈታትቶት ተቀምጧል፤ በናፍታ አጠብኩት፣ አልለቅ አለ እያለ ያማርራል። ላምባ ቢኖር ብሎ ሲተነፍስ ጋሽ አያሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ጠርሙሱን ከቦርሳዬ አወጡና እንደ ሽልማት በሁለት እጃቸው ሰጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አየሽ? ጋዝ ማለት ይኼ ነው!» ቀኑን ሙሉ በዚህ ሲኮሩ ዋሉ።

ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አይጣል። ሻይ ስሰጣቸው ሆዴ ሻይ ቤት ሆነ ብለው መለሱልኝ። ትንሽ ቆይቼ ባያቸው ከበርሜሉ ኋላ ጺማቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። ጋሼ ምን ጠጡ? ምንም። ጺምዎ ርሷል እኮ። ላብ ነው!

ላብ ከጺም ብቻ አይወጣም። ፈራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ሸሕዲ፣ ቤቴ ሆኜ ነው የምጽፈው።

ጋሽ አያሌው ንጋት ላይ ጀመራቸው። ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ ምኑ ቅጡ። ለሚጠጡት ኦ አር ኤስ የፈላ ውሃ ያስፈልጋል። ምድጃዋን ለኮስኳት። እሳቷ የኩራዝ ያህል ሆነች። ቆርቆሮዋን በመዳፌ ሞቅ አደረግኳት፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት። ጣሳው እንደ ምንም ተንተከተከ፣ ትንሽ አቆየሁት፣ እሳቷም እፍ ሳይሏት ጠፋች። የመጨረሻዋ ውሃ ነበረች። ሲቀዘቅዝ በጥብጬ ሳጠጣቸው እጄን ያዙና፣ ልጄ፣ ሳቅኩብሽ፣ ይቅር በዪኝ አሉ። እንባዬ መጣ። እኒህ ሰውዬ ናቸው እኮ እንግዳ ሆኜ ስመጣ ይኼን ቆላ መንገድ መንገዱን ያሳዩኝ።

ትራክተሩ ተነሣ፣ በላምባው ታጥቦ። ተሳቢው ላይ ሰሊጥ ተጭኗል፣ ጋሽ አያሌውን ከላይ አስተኛናቸው። እኔም አጠገባቸው ወጣሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? በመንገድ አራት ጊዜ ለእሳቸው ስንል ትራክተሩን አስቆምን።

መገንጠያውን ስናልፍ ጠጋ በዪ አሉኝ። በሹክሹክታ፣ «ሲስተር፣ ሰው ከጠየቀ የታመምኩት እኔ ነኝ በዪ። አንቺ እንደሆነ ስሙ አስቀድሞ ወጥቶልሻል።»

ሳቅ ይምጣብኝ ወይስ ልቅሶ! ጋሼ፣ እኔ እኮ ካርድ ክፍል ልገባ ነው አልኳቸው።  እንግዲያ የሰሊጡን ሸራ አልብሺኝ አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ተኝቼ ገብቼ አላውቅም አሉኝ። ለማንም አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው።

ከተማው መግቢያ ላይ ሹፌሩን አስቆምኩ። ወረድኩ። ቦርሳዬን አጠበቅኩ፣ ከተሳቢው ኋላ በእግሬ ሄድኩ። ሰው ያያል፤ ይይ! አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር።

አቶ ደመላሽ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመዋል። በእግርሽ? አሉ። በእግሬ። ጋሽ አያሌውስ? እየመጡ ነው አልኩ፤ ውሸት አይደለም። ሸራው ሥር ያለውስ ምንድን ነው? ሰሊጥ ነው አልኩ።

ሰሊጡ አቃሰተ። ከዚያም ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ሲስተር፣ ከዚያች ሻይ ቀርቶሻል?»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ጋሽ አያሌው ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው ተመልሷል። እስከ እኩለ ቀን ከተማው በሙሉ ጋሽ ሰሊጥ ብሏቸዋል። ይቀየሙኛል ብዬ እየፈራሁ ገባሁ። እሳቸው ግን ሳቁ። ከዚያ ወረቀት አቀበሉኝ፦ ለሚቀጥለው ዙር ጋዙን የማመጣው እኔ ነኝ፣ ያቺን ቃል ጻፊልኝ አሉ። ቡታጋዝ ብዬ በትልቁ ጻፍኩላቸው። ቡታዋን አስምሪባት አሉ። አሰመርኩባት።

የኅዳር የመስክ ስም ዝርዝር ወጥቷል። ስሜ አለበት! አቶ ደመላሽ በራሳቸው እጅ ነው የጻፉት። ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ስለ ካርድ ክፍል ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስወጣ ዘበኛው ከሩቅ አፍንጫቸውን ያዝ አድርገው፣ «ሲስተር ላምባ፣ እንደምን ዋልሽ?» አሉኝ።

ደህና ዋሉ አልኳቸው። ሲስተር ተሳቢ የሚለው ስም ግን ቀረ። ቤት ገብቼ ቦርሳዬን ሦስተኛ ጊዜ አጥቤ አሰጣሁት።