እትዬ እሌኒና የሰበካ ጉባኤው ምርጫ

እሑድ፣ ኅዳር 2014 ዓ.ም.

ዛሬ በዙም ስብሰባው ለሰበካ ጉባኤ ስጠቆም፣ «ኧረ እኔ አልችልም፣ ሌላ ሰው ይሻላል» አልኩ። ሰብሳቢያችን ጋሼ ታምራትም «እሺ፣ ሌላ ጥቆማ?» ብለው አለፉ። በቃ፣ አለቀ!

አዳራሽ ቢሆን ኖሮ ሴቶቹ ከኋላ ይጎነትሉኝ፣ «በሞቴ!» ይሉኝ፣ ሦስቴ እምቢ ብዬ በአራተኛው እሺ እል ነበር። ወጉ እንደዚያ ነው። ዙም ላይ ግን ሁሉም ማይኩን ዘግቶ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ ሰበካ ጉባኤ መግባት እፈልጋለሁ፤ በጣም። የልጆቹ ሰንበት ትምህርት በኮሮና ከተዘጋ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሰበካው ውስጥ አንዲት ሴት የለችም፣ ጉዳዩን የሚያነሳውም የለም። አንድ ቦታ ጎድሏል፤ ጥቆማው እስከ ዓርብ ነው። ራስን መጠቆም ግን ... ሥልጣን ፈላጊ ይሉኛል።

ሰኞ

ዌስተርቪል፣ ሥራ ላይ። እኔ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው እትዬ እሌኒ ግሪካዊት ናቸው። የአገራቸው ፓርላማ አባል ነበሩ፣ በኋላም የአውሮፓ ፓርላማ። አሁን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ልጃቸው ዮርጎ ቤት ይኖራሉ፤ ካልሲያቸውን የማጠልቅላቸው እኔ ነኝ። «እትዬ» ያልኳቸውም እኔ፤ ወደውታል።

የትናንቱን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «አልችልም አልሽ፣ አመኑሽ። ምን አጠፉ?» ተናደድኩ። ሻያቸውን አቀዝቅዤ ሰጠኋቸው።

ረቡዕ

ዛሬ እሳቸው አወሩ። ጠበቃ ሳሉ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ የገዛ አጎታቸው እንኳን ሌላ ሰው መረጡ። በሁለተኛው ምርጫ አሸንፈው ፓርላማ ገቡ። ከዚያ ፓርቲያቸው ለአውሮፓ ፓርላማ እንዲወዳደሩ ጠየቃቸው። ልባቸው እየፈለገ፣ ለጨዋነት ያህል «እስቲ ላስብበት» አሉ። በማግስቱ ዝርዝሩ ላይ የሌላ ሰው ስም ወጣ። አምስት ዓመት ጠበቁ። እንደገና ሲጠየቁ ጥያቄው ሳያልቅ እሺ አሉ። ተመርጠውም ብራስልስ አሥር ዓመት ሙሉ ለመርከበኞች ጡረታ ተሟገቱ።

«ለልጅዎስ አልከበደም?» አልኳቸው።

«ዮርጎን ያሳደገችው እናቴ ናት። ልደቱን በስልክ ነበር የማከብረው» አሉ። አሳዘኑኝ። እኔም ያለችኝ ልጄ ቤዛ ብቻ ናት።

ሐሙስ

ለጋሼ ታምራት ልደውል ስልኩን ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ አስቀመጥኩ። አንዴማ ጠርቶ ሁሉ ነበር።

ለቤዛ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከስልኳ ቀና ሳትል «ማም፣ ዱ ዩ ዋንት ኢት?» አለችኝ፤ ትፈልጊያለሽ ወይ ማለቷ ነው። ራስን መጠቆም ነውር ነው አልኳት። «ዛትስ ኖት ዋት አይ አስክድ» አለች፤ እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው ማለቷ። እሺ፣ እኔ ስብሰባ ስቀመጥ ራትሽስ? «አይ ካን ሜክ ፓስታ።» ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ!

ዓርብ

ከእትዬ እሌኒ ቤት ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩ።

«ጋሼ ታምራት፣ ስለ እሑዱ ነበር። እገባለሁ።»

«እንዴ፣ ቢዚ ሆነሽ መስሎኝ! የእሑዱን ጥቆማ ካንስል አድርጌዋለሁ። አሁን ማን ጠቆመሽ ልበል?»

የአንዷ ጓደኛዬ ስም አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ» አልኩ።

«ራስሽን?»

«አዎ ጋሼ። እንደዚያው ይጻፉት።»

ፊቴ ነደደ። ወረቀት ሲያገላብጡ ተሰማኝ፤ «ተጠቋሚ፣ አስካለ ታደሰ» አሉ እየጻፉ። ቀጠሉና፣ «ጠቋሚ ... አስካለ ታደሰ።»

እሑድ ይምረጡኝ አይምረጡኝ አላውቅም። ግን ደስ ብሎኛል።