በእኛ አነጋገር የሚሰርቀው ዘበኛ

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህን እንኳ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን እናያለን፤ በድራማው ውስጥ ዘበኛ ሆነህ፣ በእኛ ሰው አነጋገር እየተንተባተብክ የአሠሪህን ዶሮ ስትሰርቅ። እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን።

ባለሱቁ ባየኝ ቁጥር አንተን አስመስሎ ዶሮዋ የት እንደገባች ይጠይቀኛል። ወረፋ የያዘው ሁሉ በሳቅ ይንከተከታል። አንተ ግን በስልክ፣ «እህትዓለም፣ እንደ እኛ ቁጥራችን ጥቂት የሆንን ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ መታየታችን ራሱ ድል ነው» አልከኝ። ታየንልህ! ምነው በቀረብን።

ልጄ አድጋለች። ያቺ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ በወሬ ታደነቁርህ የነበረችው፣ አሁን ሱቅ ስልካት የምትፈልገውን በጣቷ ታሳያለች አሉ። አስተማሪዋም «ጎበዝ ናት፤ ስጠይቃት ግን ተነስታ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች» አለችኝ። ጉሮሮዋን አስመረመርኳት፤ ሐኪሙ ምንም የለባትም አለ። አንተ ብቻ ደስ ይበልህ፤ ሰው ሁሉ ይስቅልሃል።

እናታችን ናፍቆቴን ላኪልኝ ብላለች። አክስታችንም ጉንጭህን ስማሃለች። ልጄንም «ለአጎትሽ ምን ብዬ ልጻፍልሽ?» አልኳት።

እጇን አውለበለበችልህ።

ታላቅ እህትህ